ዓይን ብቻውን አይፍረድ

በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አራት ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል። ሦስቱን የለጠፉት አብረውኝ የሚኖሩት ጓደኞቼ ናቸው። አንደኛው አበበ ቢቂላን በሮማ ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ያሳያል፤ ሁለቱ ደግሞ ስማቸውን ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቀው የእግር ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። አራተኛውን የለጠፍሁት እኔ ነኝ። በአራተኛው ላይ ያለው ሰው ዓይኖቹ ሊወጡ እስኪደርሱ ፈጥጠዋል፤ ቀኝ እጁ ከራሱ በላይ ተነሥቶ ክርኑ ላይ ታጥፏል፤ በጣቶቹ መካከል ቀይ ኳስ ይዟል። ወደ ክፍላችን የሚገባ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለዚህ ሰው ነው። «ይህ ደግሞ ማነው? ምን አይቶ ነው እንዲህ ያፈጠጠው?» ይለኛል። ሙቲያ ሙራሊታራን ይባላል፤ የስሪ ላንካ ሰው ነው፤ የክሪኬት ተጫዋች ነበር ብዬ ስመልስ ጠያቂዬን ሣቅ ይቀድመዋል። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም ሲባል አልሰማህም?» ያለኝም አለ።

ሰምቻለሁ። ክሪኬት በአገራችን እምብዛም የሚታወቅ ጨዋታ አይደለም። እኔም ብሆን ያየሁት በፊልም ብቻ ነው እንጂ ዱላውን በእጄ ጨብጬ አላውቅም። ስለዚህ በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ይህን ያህል ቦታ የምሻው የክሪኬት ቡድን ይቋቋምልን ለማለት አይደለም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ይህ ሰው የተከሰሰበትና ራሱን ነጻ ያወጣበት መንገድ ለተማሪ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው ብዬ ስለማምን ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ የግል ነው፤ እሱን በመጨረሻ እናገራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሙራሊታራንን ያስተዋወቁኝ በመጀመሪያ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዳዊ መምህር ናቸው። እሳቸው ከደቡብ ሕንድ፣ ከታሚል ናዱ የመጡ ነበሩ። አንድ ቀን ጥቂት ሽቦ ይዘው ገቡና መካከሉ ላይ አጠፉት። መጋረጃው እንዲዘጋ አዘው፣ የእጅ ስልካቸውን መብራት አብርተው፣ የታጠፈውን ሽቦ በብርሃኑ ፊት አዞሩት። የሽቦው ጥላ ግድግዳው ላይ አረፈ። «ሽቦው ምን እየሆነ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ከክፍሉ ግማሹ «እየተቃና ነው» ብሎ ጮኸ፤ እኔም ከጮኹት አንዱ ነበርሁ። እውነትም በጥላው ላይ ሽቦው አንዴ ታጥፎ፣ አንዴ ቀጥ ብሎ ይታይ ነበር። መምህሩ መብራቱን አጥፍተው ሽቦውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። እንደ ታጠፈ ነው፤ አንዲት ዲግሪ እንኳ አልተቃናም። «በዚህ በሽቦው ነገር አንድ ሰው ከዐሥር ዓመት በላይ አጭበርባሪ ሲባል ኖረ» አሉ። ከትምህርቱ በኋላ ተከትያቸው ወጥቼ ሰውዬው ማን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። የነገሩ መጀመሪያ ይህ ነው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ክሪኬት ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ ሰው ባላቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ ጨዋታ ነው። በሜዳው መካከል ሃያ ሜትር ያህል የሚረዝም የተደለደለ መሬት አለ፤ በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት የእንጨት ካስማ ተተክሏል። አንዱ ቡድን በዱላ ይመታል፤ ሌላው ኳሱን ይሰጣል። ኳሱን የሚሰጠው ሰው ቦውለር ይባላል። የቦውለር ዓላማ መቺውን ከሜዳ ማስወጣት ነው፤ ኳሱ ከመቺው አምልጦ ካስማውን ቢመታ፣ ወይም መቺው የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ቢቀለብ፣ ያ መቺ ይወጣል። ቦውለሩ አንድ መቺ ባስወጣ ቁጥር አንድ ዊኬት ወሰደ ይባላል። ቴስት የሚሉት ከሁሉ የሚከበረው ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይፈጃል።

ቦውለር የሚለውን ቃል በአማርኛ «ወርዋሪ» ብዬ ብተረጉመው ደስ ባለኝ ነበር። ግን አልችልም፤ እንዲያ ካልሁ ገና ከመጀመሪያው ከከሳሾቹ ጋር ተስማማሁ ማለት ነው። በክሪኬት ሕግ ኳሱን መወርወር ክልክል ነውና። ድንጋይ የሚወረውር እረኛ ክርኑን አጥፎ ድንገት ይዘረጋዋል፤ ድንጋዩም ኃይል የሚያገኘው ከዚያ ነው። ቦውለር ግን ክንዱን ከትከሻው ላይ እንደ መንኰራኵር አዙሮ ኳሱን ይለቃል። ሕጉ የሚለው፣ ክንዱ ከትከሻው እኩል ከደረሰ በኋላ ኳሱ ከእጁ እስኪወጣ ድረስ የታጠፈ ክርኑን አይዘርጋ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በል። ክርን መታጠፉ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የታጠፈውን መዘርጋት ነው። የሙራሊታራን ክስ በሙሉ በዚህች ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ሙራሊታራን የተወለደው በኤፕሪል ወር 1972 ካንዲ በምትባለው ደጋ ከተማ ነው። በሚቀጥለው ወር አገሩ ሴሎን የሚለውን ስሟን ትታ ስሪ ላንካ ተባለች። አያቱ በሻይ እርሻ ለመሥራት ከደቡብ ሕንድ የመጡ ታሚል ነበሩ፤ አባቱ የብስኩት ፋብሪካ ነበራቸው። ከልደቱ ጀምሮ ቀኝ ክርኑ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። በዚህ ፈንታ የእጁ አንጓ ከሌላ ሰው ይበልጥ ይተጣጠፋል፤ ትከሻውም ፈጥኖ ይዞራል። በትምህርት ቤት ሳለ መጀመሪያ ኳስ የሚሰጠው በፍጥነት ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው አሠልጣኙ ፍጥነቱን ትተህ ማሾር ተማር አሉት። የተሾረ ኳስ መሬት ነክቶ ሲነሣ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ መቺው ወዲህ ሲጠብቀው ወዲያ ይሄድበታል። ሌሎች የእሱ ዓይነት ቦውለሮች ኳሱን በጣታቸው ሲያሾሩት እሱ በአንጓው ያሾረው ስለ ነበር እንደ እርሱ የሚያዞር አልነበረም። በ1992 በኮሎምቦ ከአውስትራልያ ጋር የመጀመሪያውን ቴስት ተጫወተ።

ይህ ሰው ታሚል መሆኑ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ከ1983 እስከ 2009 ድረስ በስሪ ላንካ መንግሥትና በታሚል ተዋጊዎች መካከል ጦርነት ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው ሲንሃላ ነው፤ በብሔራዊው ቡድን ውስጥ የነበሩት ጓደኞቹም አብዛኞቹ ሲንሃሎች ነበሩ። እንግዲህ በውጭ አገር ዳኛ ፊት ሲቆም የሚጠራው በአገሩ ስም ነው፤ በአገሩ ውስጥ ደግሞ ብዙዎች በዘሩ ይለዩት ነበር። ይህን ያነሣሁት ወደ በኋላ ስለምመለስበት ነው።

ዲሴምበር 26 ቀን 1995 በሜልቦርን ከሃምሳ ሺህ የሚበልጥ ተመልካች ተሰብስቦ ነበር። ሙራሊታራን ኳስ ሲሰጥ አውስትራልያዊው ዳኛ ዳረል ሄር እጃቸውን ዘርግተው «ኖ ቦል» አሉ፤ ኳሱ ሕገ ወጥ ነው፣ ወርውሮታል ማለታቸው ነው። እንዲህ እያሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰባት ጊዜ ጠሩበት። በክሪኬት ዓለም ከዚህ የከፋ ውርደት የለም። የቡድኑ አለቃ አርጁና ራናቱንጋ በነገሩ ተናድዶ ከሜዳ ወጣና ከኃላፊዎቹ ጋር ተማከረ። በኋላም ሙራሊታራንን ወደ ሌላኛው ጫፍ አዛወረው። በዚያኛው ጫፍ የቆሙት የኒው ዚላንዱ ዳኛ ስቲቭ ደን ነበሩ። ሙራሊታራን በዚያ ጫፍ ብዙ ኳስ ሰጠ፤ ግን አንድም ጊዜ አልተጠራበትም። ያው ሰው፣ ያው ክንድ፣ ያው ኳስ ነው። በአንዱ ጫፍ ወንጀለኛ፣ በሌላው ጫፍ ንጹሕ ሆነ።

ዳኛው ክፉ ሰው ነበሩ አልልም። ዳኛ በዓይኑ ያየውን ካልፈረደ ምን ይፍረድ? የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ሁለት ሐቀኛ ሰዎች አንድን ክንድ በአንድ ቀን አይተው ሁለት ነገር ከፈረዱ፣ ጉድለቱ ያለው በክንዱ ሳይሆን በመለኪያው ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በጃንዋሪ 1996፣ ሮስ ኤመርሰን የተባሉ ሌላ አውስትራልያዊ ዳኛ በብሪዝበን እንደገና ጠሩበት። ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ በየመንገዱ ያለው ሰው ሁሉ ፈራጅ ሆነ።

እንግዲህ ይህ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ምን አደረገ? ጨዋታውን ጥሎ ወደ አባቱ ፋብሪካ አልተመለሰም፤ ዘረኞች ናቸው ብሎም በስድብ አልመለሰም። ክንዱን ለምርመራ አቀረበ። በ1996 በምዕራብ አውስትራልያ ዩኒቨርሲቲና በሆንግ ኮንግ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዘንድ በብዙ ካሜራ ከየአቅጣጫው እየተነሣ ተመረመረ። የተገኘው ውጤት መምህራችን በሽቦ ያሳዩን ነገር ነው። ክርኑ እንደ ታጠፈ ይዞራል፤ በአንድ በኩል ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን የተዘረጋ ይመስላል። የዓይን ስሕተት ነው ተባለ። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ማኅበርም ይጫወት ብሎ ፈቀደ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ስሪ ላንካ ላሆር ላይ አውስትራልያን አሸንፋ የዓለምን ዋንጫ ስትወስድ እሱ በሜዳው ነበር።

ነገር ግን አንድ ጊዜ የወጣ ስም በምርመራ ወረቀት አይመለስም። ኦገስት 1998 በለንደኑ ኦቫል ሜዳ በአንድ ግጥሚያ ከእንግሊዝ ዐሥራ ስድስት ዊኬት ወሰደ፤ ስሪ ላንካም በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን የቴስት ድል አገኘች። ሰዎች ግን ድሉን ትተው ስለ ክርኑ ተነጋገሩ። በ1999 በአደላይድ ኤመርሰን እንደገና ቢጠሩበት ራናቱንጋ ተጫዋቾቹን ይዞ እስከ ሜዳው ዳር ሄደ፤ ጨዋታው ቆሞ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ቀጠለ። በ2004 የአውስትራልያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ሳይቀሩ ወርዋሪ ነው ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ሙራሊታራን በዚያ ዓመት ከቡድኑ ጋር ወደ አውስትራልያ አልሄደም። ከፋው፤ ሰው ነውና።

በዚሁ በ2004 የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ደጋፊው ብሆንም ልሸሽገው አይገባኝም። ሙራሊታራን ዱስራ የምትባል አዲስ ኳስ ተምሮ ነበር። ዱስራ በሂንዲና በኡርዱ ሌላኛው ማለት ነው፤ እንደ ተለመደው የተሾረች መስላ ትመጣና በተቃራኒው ትዞራለች። ይህች ኳስ በምርመራ ስትለካ ክርኑ ዐሥራ አራት ዲግሪ ያህል እንደሚዘረጋ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ለእሱ ዓይነት ቦውለር የተፈቀደው አምስት ዲግሪ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዱስራን አትስጥ ተባለ። ከሳሾቹ «ብለን አልነበረም?» አሉ።

ግን ሊቃውንቱ መለካቱን በእሱ ላይ አላቆሙም። ሌሎቹን ቦውለሮች፣ ክንዳቸው እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ ነው የሚባልላቸውን ጭምር፣ በፈጣን ካሜራ ሲመረምሩ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ክርናቸውን በጥቂቱ እንደሚዘረጉ ታየ። ከአምስት ዲግሪ ያለፉትም ብዙ ነበሩ። ሕጉን በቃሉ ቢያስፈጽሙት ኖሮ ጨዋታው ያለ ቦውለር ሊቀር ነው! ከዐሥራ አምስት ዲግሪ በታች የሆነውን መዘርጋት የሰው ዓይን እንደማይለየውም ተረዱ። ስለዚህ ከ2005 ጀምሮ ለማንኛውም ቦውለር ወሰኑ ዐሥራ አምስት ዲግሪ እንዲሆን ተወሰነ። ሕጉ የተለወጠው ለአንድ ሰው ሲባል ነው የሚሉ አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ታላቁ ሕንዳዊ ቦውለር ቢሻን ቤዲ ነበሩ። በበኩሌ ይህን አልቀበልም። ሕጉ የተለወጠው አንዱ ሰው ሲለካ የሁሉም እውነት ስለ ተገለጠ ነው። እርሱ ባይለካ ኖሮ ሌሎቹ የተቃና ክንድ አለን እያሉ በኖሩ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ሌላ ፊልም ነው። በ2004 ሙራሊታራን ክርኑ ሊዘረጋ እንዳይችል አድርጎ በሚይዝ ብረት ባለበት ድጋፍ ክንዱን አሰረና በካሜራ ፊት ኳስ ሰጠ። የተለመደውን ሰጠ፤ ዱስራንም ሰጠ። ኳሱ እንደ ቀድሞው ዞረ። ያን ጊዜ በቴስት ከአምስት መቶ በላይ ዊኬት የወሰደ፣ በአገሩ እንደ ንጉሥ የሚታይ ሰው ነበር። ለማንም መልስ አልሰጥም ቢል ማን ያስገድደው ነበር? እርሱ ግን እንደ ተማሪ ክንዱን አስሮ ለፈተና ቀረበ። እኔ የማደንቀው ይህን ነው። ብዙዎቻችን ስንከሰስ የመጀመሪያው ሥራችን መቆጣት ነው፤ ሁለተኛው ከሳሹን መክሰስ ነው። «ለኩኝ» የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጎል ከተማ ልውሰዳችሁ። ጎል በስሪ ላንካ ደቡብ ጠረፍ ያለች፣ የክሪኬት ሜዳዋ ከጥንታዊ ምሽግ ሥር ያለ ከተማ ናት። ዲሴምበር 26 ቀን 2004፣ ሜልቦርን ላይ ከተጠራበት ልክ በዘጠኝ ዓመቱ፣ የባሕሩ ማዕበል መጥቶ በስሪ ላንካ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሰው ገደለ፤ ሜዳውንም አፈረሰው። ሙራሊታራን በዚያን ቀን በዚያው ጠረፍ ወዳለች መንደር እየሄደ ነበር፤ ጥቂት መዘግየቱ አተረፈው። ከዚያ በኋላ እህል በጭነት መኪና ሲያከፋፍልና ቤት ለፈረሰበት ቤት ሲያሠራ ቆየ። እርሱና ባልደረቦቹ በሚመሩት የበጎ አድራጎት ድርጅት ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች ተሠሩ። የጎል ሜዳም ታድሶ በዲሴምበር 2007 ተከፈተ። በዚያው ወር ሙራሊታራን በትውልድ ከተማው በካንዲ 709ኛ ዊኬቱን ወስዶ የአውስትራልያውን የሼን ዋርንን 708 አለፈ።

በጁላይ 2010 ጎል ላይ ከሕንድ ጋር ግጥሚያ ነበር። ሙራሊታራን 792 ዊኬት ይዞ፣ ይህ የመጨረሻዬ ቴስት ነው ብሎ አስቀድሞ አስታወቀ። ስምንት ቢገኝ ስምንት መቶ ይሞላል፤ ባይገኝ ይቀራል። አምስቱን በመጀመሪያው ዙር ወሰደ። ከዚያም አንድ፣ ቀጥሎም አንድ፤ 799 ሆነ። አሁን ከሕንድ በኩል የቀረው አንድ የሚወጣ ሰው ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎች ደግሞ አንወጣም ብለው ቆሙ። ሌላ ቦውለር ቢያስወጣቸው ሙራሊታራን 799 ላይ ይቀራል። ፊልሙን ውጤቱን አውቄ እንኳ ሳየው እጄን ያልበኛል። በመጨረሻ ፕራግያን ኦጃ የነካው ኳስ የዱላውን ጠርዝ ጨርፎ ወደ ኋላ ሄደ፤ ማሄላ ጃያዋርድኔ ቀለበው። የቴስት ዘመኑ የመጨረሻ ኳስ 800ኛውን ዊኬት ሰጠችው! በ133 ቴስት 800 ዊኬት መሆኑ ነው፤ እስከ ዛሬ ያህሉን የወሰደ የለም።

ኳሱን የሰጠው ታሚል ነው፤ የቀለበው ሲንሃላ ነው። ሁለቱ እንዲህ ተባብረው በቴስት 77 ሰው አስወጥተዋል። ጦርነቱ ካበቃ ገና አንድ ዓመት ከሁለት ወሩ ነበር። ጨዋታ ጦርነትን ያስቀራል እንደማልል አንባቢ ይረዳልኛል፤ አላስቀረምና። ግን በዚያ ሜዳ ላይ ሲጮህ የነበረው ሕዝብ፣ በዚያች ሰዓት ስለ ቦውለሩ ዘር የጠየቀ አይመስለኝም።

ደጋፊ ሚዛን ሊኖረው ይገባልና ሌላውንም ልጨምር። ከ800ው ውስጥ 176ቱ ያን ጊዜ ደካማ ከነበሩት ከባንግላዴሽና ከዚምባብዌ የተወሰዱ ናቸው። በአውስትራልያ ምድር ባደረጋቸው አምስት ቴስቶች ያገኘው 12 ብቻ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን 176ቱን ብንቀንስ እንኳ በ108 ቴስት 624 ይቀራል። ከጨዋታ ውጭም ቢሆን በ2019 ምርጫ ጎታባያ ራጃፓክሳን መደገፉ ብዙ ታሚሎችን አስቀይሟል። በ2020 ስለ ሕይወቱ ሊሠራ በታሰበው ፊልም እሱን ሆኖ ሊጫወት የነበረው የታሚል ናዱ ተዋናይ በተቃውሞ ምክንያት ተወው። መምህራችን ስለ ቦውለሩ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር፤ ስለ ፖለቲካ ንግግሩ ስጠይቃቸው ግን ሽቦውን ማጠፍ ይጀምራሉ። እኔም ስለ ክንዱ ስለ ተከራከርሁለት ስለ አንደበቱ እንድከራከርለት አልገደድም። ሰውን ማድነቅና ማምለክ ይለያያል።

አሁን ሁለተኛውን ምክንያቴን ልናገር። ባለፈው ዓመት በምንኖርበት ሕንጻ የአንድ ጓደኛችን የእጅ ስልክ ጠፋ። ከእኛ ጋር አንድ ዝምተኛ ልጅ ይኖር ነበር። አመጣጡ ከሌላ ወገን ነው፤ ቋንቋችንን ሲናገር ይሰባበርበታል፤ ማታ ማታ ብቻውን ይወጣና አምሽቶ ይገባል። ማንም «ሰረቀ» ብሎ በግልጥ አልተናገረም። ግን ሁላችንም አየነው፤ አይተንም ፈረድን። እሱ ሲገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ሻንጣዎች ሁሉ ቁልፍ ተደረገባቸው። በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ በባለቤቱ የክረምት ካፖርት ኪስ ውስጥ ተገኘ። ልጁ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ሕንጻ ለምኖ ገብቶ ነበር። ማታ ማታ የሚወጣውም ከዘመዶቹ ጋር በስልክ በቋንቋው ለመነጋገር፣ እኛን ላለመረበሽ እንደ ነበር በኋላ ሰማን። ሄዶ ይቅርታ የጠየቀው የለም። እኔም አልሄድሁም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ተረቱን አልነቅፍም፤ ግን ለሙራሊታራን እውነቱ የጠራው በማደሩ ብቻ አይደለም። የሚለካ ሰው ስለ ተገኘና እሱም ልለካ ስላለ ነው። ለዚያ ልጅ «ና ተናገር» ያለው፣ ካፖርቱንም «እስቲ እንፈትሽ» ያለ አልነበረም። እኛ በየቀኑ ስለ መለኪያና ስለ ማስረጃ የምንማር ሰዎች ነን። በቤተ ሙከራ አንድ ቁጥር ሳናረጋግጥ አንጽፍም፤ ከቤተ ሙከራ ስንወጣ ግን ሰውን በጥላው እንፈርድበታለን።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጠቅላላ ጉባኤም ሆነ በየሕንጻው ስብሰባ ማንም ተማሪ በስሙ ተጠርቶ ከመወቀሱ በፊት፣ ራሱ ቀርቦ እንዲናገርና የተባለው ነገር እንዲመረመር ጊዜ ይሰጠው። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ በአንድ አንቀጽ ቢጻፍ ብዙ ወረቀት አይፈጅም።

ያ ልጅ ይህን ጋዜጣ ያነብ እንደ ሆነ አላውቅም። ቢያነበው፣ የጻፍሁት እኔ መሆኔን ያውቃል። በዚህ ሳምንት እሱ ወዳለበት ሕንጻ እሄዳለሁ። በሩን ባይከፍትልኝም አልፈርድበትም።